አውራዋ

የአባባ ኡኩሞን መሞት የነገረችኝ ወይዘሮ ብዙነሽ ናት፤ የሶዶዋ ጠጅ ነጋዴ። ለእህቷ ልጅ ሰርግ ናዝሬት መጥታ፣ ቤቴን ጠያይቃ አገኘችኝ። ሻይ አፈላሁላት። የሶዶን ሰው አንድ በአንድ እየጠራሁ ስጠይቃት፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተሾመ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ስታወጋኝ ቆየችና፣ ብርጭቆዋን እያስቀመጠች "ያ ዘበኛችሁ እኮ አረፈ" አለችኝ።

"የቱ ዘበኛ?" አልኳት፣ የቱ እንደሆነ እያወቅሁ።

"የንቡ ሰውዬ ነዋ። ሰባት ወሩ።"

ሰባት ወር። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ስበላ ስጠጣ፣ ተማሪ ስቆጣ፣ ፀጉሬን ስሠራ ከርሜአለሁ። ሰው ሲሞት ልብ ይናገራል የሚሉትን አትመኑ፤ የእኔ ልብ ምንም አልነገረኝም። መርዶ እንዲህ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ለቅሶውም መግቢያ ያጣል። ወይዘሮ ብዙነሽ ፊት አላለቀስኩም። ሻይ ጨመርኩላት።

ሶዶ የሄድኩት በሃምሳ ስድስት መስከረም ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአማርኛ መምህርት ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፣ ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው። ከመምህራኑ መሀል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ ከሥራ በኋላ ተሰብስበው ወይዘሮ ብዙነሽ ቤት ይሄዳሉ፤ እኔ ወዴት ልሂድ? የሰፈሩ ሰው እቤቱ ሲገባ የሚያወራው ወላይትኛ ነው፤ እኔ ከ"ሳሮ" በቀር፣ እሱም "ሰላም" ማለት ነው፣ አንድ ቃል አላውቅም። ስለዚህ በሬን ዘግቼ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። የማርመው ሳጣ ከእናቴ የመጣውን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ አውቃለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

የተከራየሁት ክፍል አባባ ኡኩሞ ግቢ ውስጥ ነበር። የትምህርት ቤቱ የበር ዘበኛ ናቸው። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ ኮታቸው ሁልጊዜ ጭስ ጭስ የሚል። የሚሲዮን ጸሎት ቤት ሰው ስለሆኑ መጠጥ አይቀምሱም። ሚስታቸው ባሎቴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ቀን ሻንጣዬን ተሸክመው አምጥተው በሩን ከፈቱና "ግባ፣ መምህር" አሉኝ።

"ግቢ" ብዬ አረምኳቸው።

"አዎ፣ ግቢው ይሄ ነው" አሉኝ፣ በእጃቸው ዙሪያውን እያሳዩኝ።

አማርኛቸው እንዲህ ነበር። ወንዱ ሴት፣ ሴቱ ወንድ ይሆንባቸዋል። እኔን "አንተ"፣ ዳይሬክተሩን "አንቺ"። አንድ ቀን አንድ የአውራጃ ባለሥልጣን በሩ ላይ መኪናውን ሲያስቆም፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጅ ነስተው፣ "ማንን ልጥራልሽ?" አሉት። ሾፌሩ እያየው የሰውዬው ፊት ደም ለበሰ። እኛ በመስኮት እያየን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ላስተምራቸው ቆርጬ ተነሳሁ። ጠዋት ጠዋት ደወል ሳይደወል በሩ ላይ አቆማቸውና "አንተ መጣህ፣ አንቺ መጣሽ፣ እሱ መጣ፣ እሷ መጣች" አስብላቸዋለሁ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ ይሉልኛል። "ጎበዝ" ስላቸው ደስ ይላቸዋል። ከሰዓት በኋላ እቤት ስደርስ "መጣህ፣ መምህር?" ይሉኛል።

ያም ሆኖ በዚያ ከተማ መምጣቴን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ወባ ጥሎኝ ስምንት ቀን ስተኛ፣ ጠዋት ጠዋት በሬ ሥር ማር በሙቅ ውሃ በጥብጠው በጣሳ ያስቀምጡልኝ ነበር። "ጠጣ" ይሉኛል ከውጭ ሆነው፤ ገብተው አያውቁም። ወይዘሮ ብዙነሽ ማራቸውን ለጠጅ በየዓመቱ ስትጠይቃቸው "ማሬን ብላ፣ አትጠጣ" እያሉ የሚመልሷት ሰው ናቸው። ይህን ባስታውሳቸው "ያንተ መድኃኒት ነው፣ የእሷ ስካር ነው" አሉኝ። ከእናቴ ቀጥሎ እንዲያ ያስታመመኝ የለም።

አሁን ንቡን ላውራ። ከቤቱ ጀርባ በእንሰቱና በቡናው መሀል ሰባት ቀፎ የሚያስቀምጡ ባላዎች ተተክለው ነበር፤ እኔ ስደርስ ቀፎ የቀረባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሁሉም የአንድ ዘር ነበሩ። ባሎቴ ከአረካ ሲዳሩ አባታቸው አንድ ቀፎ ከነንቡ ሰጥተዋቸው፣ በዚያው ቀፎ ነው ጓሮው የሞላው። ልጅ ባይወልዱም ንቡ ተዋለደላቸው።

ንብ ማርባት ማር መቁረጥ ብቻ የሚመስለው ካለ አባባ ኡኩሞን አላየም። ማር የሚቆረጠው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ የቀረው ቀን ሁሉ ዘበኝነት ነው። ጉንዳን እንዳይወጣ በባላው ዙሪያ አመድ ይነሰንሳሉ፤ ዝናብ ያጥበዋል፤ እንደገና ይነሰንሳሉ። የቀፎውን ስንጥቅ በእበት ይመርጋሉ። ሸረሪት ይጠርጋሉ፣ እንሽላሊት ያባርራሉ። የሰም ትል የገባበትን ሰፈፍ ቆርጠው አውጥተው ያቃጥላሉ። አበባ ሲጠፋ በሶ በማር ለውሰው በገል ያቀርቡላቸዋል፤ ራሳቸው ደረቅ ጎደሬ እየበሉ። "ንብ ዝም ብሎ አትታመምም" ይላሉ፤ "ጌታው ሲተኛ ነው የምትታመም።"

ጠዋት ከሁሉ በፊት ወደ ጓሮ ይወርዱና "ሳሮ" ይሏቸዋል። ከዚያ ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ለጥፈው በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ንቡ አንዴ ጮኾ ወዲያው ዝም ካለ ደህና ነው። ጩኸቱን ሳያቋርጥ ከቆየ አውራ የለውም ማለት ነው። "ታለቅሳለች" ይሉኝ ነበር፣ ጆሮዬን እንድለጥፍ እየጋበዙኝ። "ይሄ ቀፎ እናት የላትም።" እውነትም ለቅሶ ይመስላል። ያ ቀፎ እንዲያ ሲያለቅስ ሰንብቶ፣ ትል ገባበትና አለቀ። ሁለተኛው ዝናብ በቀረበት ዓመት በረሃብ ተበተነ። አንድ ቀረ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ፤ አባባ ኡኩሞም ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ሳይቀር ከትምህርት ቤት እየሮጡ መጥተው ያዳምጡ ነበር።

እዚህ ላይ የማፍርበት ነገር አለ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጠን ሳለ፣ ማር በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አመጡልን። አንዱ መምህር "አባባ፣ ዘንድሮ ንቡ እንዴት ነው?" አላቸው።

"አውራዋ ጠንካራ ነው" አሉ። "ብዙ ወለደች።"

እኔ ሳልጠራ ገባሁበት። "አውራው ነው የሚባለው፣ አባባ። አውራ ተባዕታይ ጾታ ነው። አውራ ዶሮ አይሉም? እስቲ አውራው ይበሉ።"

ሁልጊዜ ያልኳቸውን ይደግማሉ። ያን ቀን አልደገሙም። "እሷ ትወልዳለች፣ መምህር" አሉ።

"አውራ ዶሮ ይወልዳል እንዴ?" አልኳቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ፈገግ ብለው፣ ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ በራቸው ተመለሱ። ማሩን በላን። ነገሩን ሁሉ ወንዱን በሴት፣ ሴቱን በወንድ የሚለዋውጡት እኒያ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ስተው "አውራው" ብለው እንደማያውቁ ያስተዋልኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። በር ላይ የሚመጣውን ሰው በድምፁና በእርምጃው መለየት ጀመሩ። አመዱን ግን አልተዉም፤ በእጃቸው እየዳበሱ ይነሰንሱታል፣ አንዱን ወገን እየዘለሉ። በመስኮቴ አይ ነበር። ወጥቼ ሞላሁላቸው ብል ደስ ባለኝ። የማርመው ደብተር ነበረኝ።

መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በወረደ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉንዳን በዚያ በተዘለለው ወገን ወጥቶ ቀፎው ውስጥ ገባ። ንቡ ማሩንም እጩንም ጥሎ ኮበለለ። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ፣ ከቡናዎቹ የአንዱ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል፤ የሰው ጭንቅላት ያህላል። አባባ ኡኩሞ ከሥሩ ቆመዋል፣ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው።

"መምህር" አሉኝ። "ዓይንህን ስጠኝ።"

አስረዱኝ። ንብ የሚሄደው አውራዋን ተከትሎ ነው። እሷ ተይዛ አዲስ ቀፎ ውስጥ ከተንጠለጠለች ሌላው ሁሉ ገብቶ ይረጋል። ካልተያዘች ግን ቢያድር አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ሄደ ማለት ነው። ጣት የምታህል፣ ጎንዋ የተሰነጣጠቀ የሸምበቆ ቤት ከኪሳቸው አወጡ። ድሮ ስንቷን አውራ በዓይናቸው ለቅመው በዚያች ሸምበቆ ይዘዋል። አሁን ከፊታቸው ያለው ለእሳቸው አንድ ጥቁር ነገር ብቻ ነው።

"ይቺ የባሎቴ መጨረሻ ናት" አሉ። "እሷ ከሄደ፣ ቤቱ አለቀ።"

ነጠላዬን ተከናንቤ፣ በዶሮ ላባ ንቡን ቀስ እያልኩ እየገለጥኩ ፈለግሁ። "ምን ትመስላለች?" አልኳቸው።

"ትልቅ ነው። ከሁሉ ትበልጣለች። ሆዱ ረጅም፣ ቀጭን ነች። ክንፏ አጭር ነው።"

ነው እና ናት ተደባልቀውብኝ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት "ትልቅ" የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ደግሞ የራሴ አውራ አለ፤ ተባዕታይ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የንቡ ባላባት። ሦስት ጊዜ ተነደፍኩ፤ አንዱ ዓይኔ ሥር ነው። በመጨረሻ አየሁት። ወፍራም፣ ደንዳና፣ ዓይኑ ግንባሩን የሞላ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የገዘፈ። በላባው ገፋ አድርጌ ያዝኩት። እንኳን ሊነድፈኝ ደንገጥም አላለም።

"አውራው ይኸውልዎት" አልኳቸው፣ "ው"ን ጫን አድርጌ።

"ሆዷ ረጅም ነው?" አሉኝ።

ረጅም አልነበረም። ድቡልቡል ነበር። ግን እጄ ይቃጠላል፣ ዓይኔ እያበጠ ነው፣ እቤት መግባት እፈልጋለሁ። ከዚያም በላይ እኔ አውቃለሁ፤ የአማርኛ መምህርት ነኝ፣ አውራ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ዘበኛ አልፈልግም።

"ረጅም ነው" አልኳቸው።

ተቀብለውኝ ሸምበቆዋ ውስጥ አስገቡት። ጣታቸው በንድፊያ አብጦ ስለነበር ዳብሰው ሊለዩት አልቻሉም። አዲሱን ቀፎ በወይራ አጥነው ሸምበቆዋን ውስጡ አንጠለጠሉ፤ ቅርንጫፉን አራገፍን፤ ንቡ ገባ። አባባ ኡኩሞ ቆመው በወላይትኛ ጸለዩ። ከዚያ ራሴን ዳበሱኝና "ዓይንህ ይባረክ" አሉኝ። እንደ ጀግና ተኩራርቼ ፊቴን ልታጠብ ገባሁ።

በማግስቱ እሑድ ጸሎት ቤት አልሄዱም። ከቀፎው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። እኔ ልብስ አጥባለሁ። "አትረጋም" አሉኝ። "እናት ተይዟል፣ ለምን አትረጋም?" ብዙም ሳይቆይ ንቡ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ወጣ። ከእንሰቱ በላይ ተነሳ፣ ግቢውን አንዴ ዞረና ቁልቁል ሄደ። ድምፁ እየራቀ እየራቀ ጠፋ።

"ወዴት ሄደ?" አሉኝ፣ ፊታቸውን ወዳልሄደበት ወገን አዙረው።

"ወደ ሁምቦ ቆላ" አልኳቸው።

"ሁምቦ አበባ የለውም አሁን። ውሃም የለውም" አሉ።

እጃቸውን ባዶው ቀፎ ውስጥ ሰደው ሸምበቆዋን አወጡ። የጣታቸው እብጠት አድሮ ጎድሏል። ንቡን መዳፋቸው ላይ ገልብጠው በሌባ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳበሱት፤ ጀርባውን፣ ሆዱን፣ ጫፉን። ደጋግመው ዳበሱት።

"ይሄ ባል ነው" አሉ።

"ምን?"

"ባል። ድንጉላ። ወንዱ ነው።" ቆይተው ደግሞ፣ "ባል ብቻውን ቤት አይሆንም፣ መምህር" አሉኝ።

የሞቱት ሚስታቸው ስም አልተነሳም፤ መነሳትም አላስፈለገውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አነሱኝ። "ዓይኔ ነው የበደለ" አሉ። "ያንተ አይደለም።" እውነቱን ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሆዱ አጭር እንደነበረ አይቼ ነው ረጅም ያልኩት ማለት ነበረብኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አለማወቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ የሳይንስ መጽሐፍ ገልጬ አነበብኩ። አውራ የምንላት ሴት ናት፤ የቀፎው ሁሉ እናት ናት። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን የተሳሳትነው። መምህራን ክፍል ገብቼ ለሳቁት ሁሉ መናገር ይገባኝ ነበር፤ እሱንም አላደረግሁትም። ያደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር በሩ ላይ ማስተማሬን መተው ነው። "አንተ" ሲሉኝ "አቤት" እላለሁ።

ጓሮው ጭጭ አለ። ያ ድምፅ ለካ ግድግዳዬን አልፎ ክፍሌ ውስጥ ሳይቀር ይሰማ ኖሯል፤ ሲጠፋ ነው ያወቅሁት። አባባ ኡኩሞ ግን ባዶውን ቀፎ አልተዉትም። በእበት ይመርጉታል፣ በወይራ ያጥኑታል፣ በባላው ዙሪያ አመድ ይነሰንሳሉ። የሚዘሉትን ወገን አሁን እኔ እየተከተልኩ እሞላለሁ። ከሥራ በኋላ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔም ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንድ ቀን "ለማን ነው ይሄን ሁሉ የሚያዘጋጁት?" ብላቸው "ትመጣለች" አሉኝ። "ቤት ንጹሕ ከሆነ ትመጣለች።"

በስድሳ መስከረም ወደ ናዝሬት ተዛወርኩ። አውቶቡስ ድረስ በምርኩዝ ሸኙኝ። "ደህና ሁን፣ መምህር" አሉኝና ቆሙ። እንደ ድሮው እንዳርማቸው እየጠበቁ እንደነበር የገባኝ አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ማን ያነብላቸዋል ብዬ ሦስተኛውን ተውኩት። ሰው ለመርሳት ሲፈልግ ምክንያት አያጣም።

ወይዘሮ ብዙነሽ ይህን ሁሉ አታውቅም። ሻይዋን ጨርሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። በሩ ላይ ስንደርስ ቆም አለች።

"አንድ ነገርማ ልጠይቅሽ" አለች። "ሊሞት ሰሞን ንብ መጣለት። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ያ ባዶ ቀፎ ሞልቶ አደረ። ዓይኑ ጭልም ብሏል፣ ከመደቡ አይነሳ። 'መምህሩን ጥሩልኝ፣ አውራዋን ይይልኝ' እያለ ነዘነዘን። ወንዶቹን መምህራን በየተራ ወሰድንለት። ድምፃቸውን ሲሰማ 'ይሄ አይደለም' ይላል። 'የቱን መምህር ነው?' ስንለው 'መምህሩን' ይላል። ሦስቱንም እንዲህ መለሳቸው። አንቺ እዚያ ግቢ ኖረሻልና ታውቂ ይሆን? የትኛውን ነበር የፈለገው?"

"እኔን ነው" አልኳት።

"ኧረ መምህሩን ነው ያለው፣ ወንዱን" አለች።

"ቀፎውስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ከቀብሩ በኋላ ማን አየው።"

ሸኝቻት ተመለስኩና በሬን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ለቅሶው መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በር ላይ አቁሜ ላስተምራቸው የሞከርኩት "እሱ" እና "እሷ" ማለትን ነበር። በደንብ አስተምሬያቸው ቢሆን ኖሮ "መምህርቷን ጥሩልኝ" ይሉ ነበር፤ ሰው ይላክብኝ ነበር፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄድ ነበር። ጓሮ ወርጄ፣ ቀፎውን ከፍቼ፣ ሳልቸኩል አይቼ፣ ተመልሼ መደባቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ እልና "አለች፣ አባባ፤ ሆዷ ረጅም ነው" እላቸው ነበር።